የጥሬ ቡና እንክብል ኮሌስትሮልን ያወርዳልን?

ከጥቂት ሳምንት በፊት በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጡኝን አንድ ዘመዴን ልጠይቅ ከቤታቸው ሄጄ ነበር። እኒህ ሰው በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ቈይተው በጡረታ የተቀመጡ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ደረታቸውን ታመው በሐኪም ቤት ከተኙ ወዲህ ቤተ ሰባቸው ሁሉ ስለ ጤናቸው ሐሳብ ላይ ወድቋል። ቡናው ፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ፣ ጌታው አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ አንድ ነጭ ጠርሙስ አነሡና ሁለት እንክብል ወደ መዳፋቸው ገልብጠው በውሃ ዋጡ። ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ ሴት ልጃቸው ከዋሺንግተን የላከችላቸው የጥሬ ቡና ጭማቂ መሆኑን፣ ኮሌስትሮልንም እንደሚያወርድ በደስታ ነገሩኝ። «የሐኪሙን ክኒን ትቼዋለሁ። ያ ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ይህ ግን ከገዛ ቡናችን የወጣ ስለ ሆነ ምን ይጎዳኛል?» አሉኝ።

እመቤቲቱ በዚያ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልሰናበት ስነሣ ግን እስከ በሩ ሸኙኝና በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን የላቦራቶር ወረቀት ፈትተው አሳዩኝ። ጌታው የሐኪሙን ክኒን ይወስዱ በነበረ ጊዜ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በአንድ ዴሲሊትር ደም 94 ሚሊግራም ነበር። ክኒኑን ትተው እንክብሉን ከያዙ ከአራት ወር በኋላ 152 ሆኗል። «ውጤቱን እኔ ነኝ ሄጄ ያመጣሁት፤ እንዳይደነግጡ ብዬ እስካሁን አልሰጠኋቸውም። እኔ ብናገር ልጄን አማሽብኝ ይሉኛል። ጋዜጣውን ግን ሳያነቡ አይውሉምና አንተ ጻፍላቸው» አሉኝ።

ስለዚህ የዛሬው ጽሕፈት አስቀድሞ ለአንድ አንባቢ የተጻፈ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጠርሙስ በውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች እየተላከ በብዙ ቤት ስለሚገኝ፣ ለሌሎችም አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በጽሕፈቱ ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌስትሮል ማለት ሰም የሚመስል የስብ ወገን ነው። በ1769 ዓ.ም. ፑልቲዬ ደ ላ ሳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሐሞት ጠጠር ውስጥ አገኘው፤ በ1815 ዓ.ም. ደግሞ ሼቭሩል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሐሞትና ጠጣር ከሚሉት ከሁለት የግሪክ ቃሎች አጣምሮ ስም አወጣለት። ብዙ ሰዎች ኮሌስትሮል ከውጭ የሚገባ መርዝ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ አይደለም። ሰውነታችን ያለ እርሱ ሊኖር አይችልም፤ አብዛኛውንም የሚሠራው ጉበታችን ራሱ ነው። ስብ ከውሃ ጋራ እንደማይዋሐድ ሁሉ ኮሌስትሮልም በደም ውስጥ ብቻውን መሄድ ስለማይችል በፕሮቲን ተጠቅልሎ ይጓዛል። ነገሩን በበቅሎ ጭነት መስሎ መናገር ይቻላል። ኤል ዲ ኤል የሚባሉት በቅሎች ጭነቱን ከጉበት አውጥተው ወደ ሰውነት ሁሉ ይወስዳሉ፤ ኤች ዲ ኤል የሚባሉት ደግሞ የተረፈውን ሰብስበው ወደ ጉበት ይመልሳሉ። ወጪዎቹ በቅሎች በመንገድ ላይ እጅግ የበዙ እንደ ሆነ ጭነታቸው በመንገዱ ዳር ይወድቃል፤ ይኸውም በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ማለት ነው። በዚያም እየተከማቸ ዓመት በዓመት ሥሩን ያጠብበዋል። ሕመምተኛው ግን ምንም አይሰማውም። የሚሰማው አንድ ቀን ደረቱን ሲይዘው፣ ወይም ግማሽ አካሉ ሲደነዝዝበት ነው። እንግዲህ የኮሌስትሮል ክፋቱ ይህ ዝምታው ነው፤ ክኒኑን የተወ ሰው በማግሥቱም በወሩም ደኅና ነኝ የሚለው ስለዚህ ነው።

ጉበት ራሱ ኤል ዲ ኤልን ከደም ውስጥ የሚቀበልበት በር አለው። ይህን በር ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ሲሆኑ፣ በ1985 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የሐኪሙ ክኒን የሚሠራውም በዚሁ በር ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን እንዳይሠራ ክኒኑ ሲያግደው፣ ጉበቱ የጎደለበትን ለማግኘት በሮቹን አብዝቶ ይከፍትና ከደም ውስጥ ይስባል። ስታቲን በሚባለው በዚህ መድኃኒት እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑ ኤል ዲ ኤል ከመቶ ከ30 እስከ 50 እጅ ይቀንሳል።

ዘመዴ «ከፋብሪካ የወጣ» ብለው ስለ ናቁት ስለዚህ ክኒን ጥቂት ልናገር። የመድኃኒቱን ዘር መጀመሪያ ያገኘው አኪራ ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ኤንዶ በሰሜን ጃፓን ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ እንጉዳይና ስለ ሻጋታ መመርመር የሚወድ ሰው ነበር። ከ6000 የሚበልጡ የሻጋታ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ከፈተነ በኋላ በ1973 ዓ.ም. የፈለገውን አገኘ፤ ያም በኪዮቶ ከተማ ከአንድ እህል ቤት በመጣ ሩዝ ላይ የበቀለ ሰማያዊ ሻጋታ ነው። ሌላ ሻጋታ የሰጠው ሎቫስታቲን የተባለው ወንድሙ በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ እንዲሸጥ ተፈቀደ። እንግዲህ የሐኪሙ ክኒንም ዘሩ ከእህል ጎተራ የተገኘ ነው። አንዱን «የተፈጥሮ» ሌላውን «የፋብሪካ» ብሎ መለየት፣ እንክብሉም ራሱ ከፋብሪካ ወጥቶ በጠርሙስ የታሸገ መሆኑን መርሳት ነው።

ነገር ግን ሁለቱን የሚለያቸው ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር አለ። በ1994 ዓ.ም. በስካንዲናቪያ አገሮች የተደረገ አንድ ምርመራ ታተመ። የተመረመሩት ልባቸውን የታመሙ 4444 ሰዎች ሲሆኑ ግማሾቹ ሲምቫስታቲን የተባለውን ክኒን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰዱ። የትኛውን እንደሚወስድ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። ከአምስት ዓመት በላይ ከተጠበቁ በኋላ ሲቈጠር፣ አምሳያውን ከወሰዱት 2223 ሰዎች 256 ሞቱ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 2221 ሰዎች 182 ሞቱ። ልዩነቱ 74 ነፍስ ነው። የወረደው በወረቀት ላይ ያለ ቍጥር ብቻ አልነበረም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ከሞት ተርፈዋል። እነዚያም ሕመምተኞች እንደ ዘመዴ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። ፈረንጆች አረንጓዴ ቡና የሚሉት እኛ ጥሬ ቡና የምንለውን፣ ያልተቆላውን ፍሬ ነው። በጥሬው ፍሬ ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ስሙ አረንጓዴ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ በውስጡ ክሎሪን የሚባለው ነገር እንደሌለ ለሚሠጉ ሰዎች መንገር ይገባል። በአረቢካ፣ ማለት በእኛ አገር በሚበቅለው ቡና፣ ከክብደቱ ከመቶ ከ5 እስከ 8 እጅ ያህል ይሆናል፤ ሮቡስታ በሚባለው ዓይነት ከዚህም ይበዛል። ቡናው ሲቆላ ከዚህ ነገር እኩሌታው ወይም ከዚያም የሚበልጠው በእሳቱ ይጠፋል፤ አቆላሉ እየጠቆረ በሄደ ቍጥርም የሚቀረው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬውን ፍሬ በውሃና በአልኮል ነክሮ ጭማቂውን ማውጣት፣ አድርቆም በእንክብል መክተት የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ በራሱ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በጃፓን የደም ግፊታቸው በጥቂቱ ከፍ ያለ 117 ወንዶች ለ28 ቀን የጥሬ ቡና ጭማቂ ወስደው፣ መጠኑ በበዛላቸው ሰዎች ላይ ግፊቱ በጥቂቱ መውረዱ ታይቷል።

እንክብሉ በዓለም ሁሉ የታወቀው ግን በዚህ አይደለም፤ ሰውነትን ያከሳል ተብሎ ነው እንጂ። ይህ ታሪክ ኮሌስትሮልን በቀጥታ ባይነካም፣ ጠርሙሱ እንዴት ከዘመዴ ጠረጴዛ እንደ ደረሰ ስለሚያስረዳ ልተርከው እወዳለሁ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ጽሑፍ ታተመ። በሕንድ አገር 16 ሰዎች ብቻ ለ22 ሳምንት ይህን ጭማቂ ወስደው በአማካይ 8 ኪሎ ያህል ከሱ ይላል። በዚያው ዓመት ዶክቶር ሜህመት ኦዝ የተባለው በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረ የቴሌቪዥን ሐኪም ስለ ጥሬ ቡና ጭማቂ በፕሮግራሙ ላይ አወደሰ። ከዚያ በኋላ ገበያው እንደ ሰደድ እሳት ተቀጣጠለ። የአሜሪካ መንግሥት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን ቢመረምር፣ የሕንዱ መርማሪ የሰዎቹን ክብደት ደጋግሞ እንደ ለወጠ፣ የምርመራውንም ጊዜ እንደ ቀያየረ፣ ማን ጭማቂውን ማን አምሳያውን እንደ ወሰደም እንዳደባለቀ ገለጸ። በ2014 ዓ.ም. በሰኔ ወር ዶክቶር ኦዝ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ስለዚህና ስለ መሰሉ ነገር ተጠየቀ። በመስከረም ወር ምርመራውን ያስደረገው አፕላይድ ፉድ ሳይንስስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ 3 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በጥቅምት ወር የጽሑፉ ጸሐፊዎች ራሳቸው ጽሑፋቸውን ሻሩት።

ጽሑፉ ተሻረ፤ ጠርሙሱ ግን ከሱቅ አልወጣም። በአሜሪካ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ሕግ፣ የምግብ ማሟያ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት መሥራቱን በምስክር ማሳየት አይገደድም። በዚህ ምክንያት ስለ መክሳት የሚናገረው ወሬ ሲቀዘቅዝ፣ ስለ ስኳርና ስለ ኮሌስትሮል የሚናገረው ወሬ ተተካ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ ኮሌስትሮልን ያወርዳልን የሚለው ነው። በእውነት ለመናገር፣ ጥቂት ያወርዳል። ኢራንን በመሰሉ በልዩ ልዩ አገሮች በጥንቃቄ የተደረጉ ትናንሽ ምርመራዎች አሉ። ሊቃውንት እነዚህን ምርመራዎች ሰብስበው በ2020 ዓ.ም. አካባቢ ቢደምሯቸው፣ ጠቅላላው ኮሌስትሮልም ኤል ዲ ኤልም በአማካይ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ4 እስከ 5 ሚሊግራም ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይህን ቍጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። 152 የሆነ ሰው እንክብሉ እንደ ተመኘው ቢሠራለት 147 ይሆናል ማለት ነው። ልቡን ለታመመ ሰው ግን ሐኪሞች ኤል ዲ ኤል ከ70 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ የፊተኛው 94 እንኳ ለእነርሱ ገና አጥጋቢ አይደለም።

ከዚህም ሌላ፣ ከምርመራዎቹ አብዛኞቹ ከሁለትና ከሦስት ወር የማያልፉ፣ የሰዎቹም ብዛት በአሥሮች የሚቈጠር ነው። በአንዳቸውም የሞተና የዳነ አልተቈጠረም፤ የልብ ሕመም የያዘውና ያልያዘው አልተለየም። ባንድ በኩል አምስት ሚሊግራም፣ በሌላው በኩል 74 ነፍስ። ለዘመዴ ይህን ብቻ ብነግራቸው የሚበቃ ይመስለኛል።

ለእንክብሉ ፍርድ እንዳላጓድልበት አንድ ነገር ልጨምር። የዘመዴን ኮሌስትሮል ከ94 ወደ 152 ያወጣው እንክብሉ አይደለም፤ ክኒኑን መተዋቸው ነው። እንክብሉ የበደላቸው የሐኪሙን ስፍራ ይዞ በመቀመጡ ነው። ክኒኑን ከጎኑ አስቀምጠው ቢወስዱት ኖሮ ምናልባት ከገንዘብ ኪሣራ በቀር የከፋ ነገር ባላገኛቸው ነበር።

ክኒኑን የተውበትን ምክንያት እመቤቲቱ ነግረውኛል። ሐኪሙ «ዕድሜ ልክዎን ይወስዱታል» ስላላቸው ነው። ዕድሜ ልክ የሚለው ቃል እንደ ፍርድ ቤት ቃል ከብዷቸው ይሆናል። ሌሎች ሰዎች ደግሞ ጡንቻቸውን ሲያማቸው ይተዉታል፤ ይህ ሕመም በእውነት የሚያገኛቸው አሉ። ነገር ግን ለሐኪሙ ቢናገሩ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ዓይነቱን ይለውጣል። ለሐኪሙ ሳይናገሩ መተው ግን ዘበኛን ሳያሰናብቱ በሩን ክፍት ትቶ እንደ መተኛት ነው፤ ዘበኛው ያለ ይመስላል፤ በሩ ላይ ግን ሰው የለም።

አሁን ጌታውን ሳያስቀይም የማይቀር ነገር ልናገር ነው። እንክብሉን የሚውጡት አቦሉ በሚቀዳበት ሰዓት መሆኑን አስቀድሜ ጽፌአለሁ። በ1983 ዓ.ም. በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ የተደረገ ታላቅ ምርመራ፣ ቡና አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን ገለጸ። ሌሎች አገሮች ግን ይህን አላገኙም ነበርና ሊቃውንቱ ተከራከሩ። በኋላ ምክንያቱ ታወቀ። የሰሜን ኖርዌይ ሰዎች የተወቀጠውን ቡና በማንቆርቆሪያ አፍልተው፣ አተላው እስኪወርድ ጠብቀው ሳያጣሩ ይጠጡ ነበር። የሆላንድ መርማሪዎች ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ነገሩን ተከታትለው፣ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው በቡናው ዘይት ውስጥ ያለ ካፌስቶል የሚባል ነገር መሆኑን አስረዱ። ካፌስቶል ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት ለውጦ የሚያስወጣበትን ሥራ ያቀዘቅዘዋል። አተላው ቢወርድም ዘይቱ በቡናው ውስጥ ይቀራል፤ ወረቀት ግን ይይዘዋል። ስለዚህ በወረቀት በተጣራ ቡና ውስጥ ከሞላ ጎደል አይገኝም። በፊንላንድም የሕዝቡ ኮሌስትሮል ከወረደባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ቅቤ ከመቀነሱ ጋራ፣ ሰው ከፈላ ቡና ወደ ተጣራ ቡና መዛወሩ ነው።

በጀበና የሚፈላው ቡናችን ከዚሁ ወገን መሆኑን ለማንም መንገር አያሻም። በኖርዌይ ዓይነት በፈላ ቡና በአንድ ኩባያ ውስጥ 7 ሚሊግራም ያህል ካፌስቶል ይገኛል፤ በየቀኑ 10 ሚሊግራም የሚያገኝ ሰው ደግሞ ኮሌስትሮሉ 5 ሚሊግራም ያህል ከፍ ይላል። ሲኒያችን ከእነርሱ ኩባያ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በቀን ሦስት ጊዜ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው፣ በእንክብል ያወረደውን በሲኒ መልሶ ያወጣዋል ብንል ከእውነት አንርቅም። የጥሬ ቡናው ጭማቂ ብዙውን ጊዜ በውሃና በአልኮል የሚወጣ ስለ ሆነ ይህ ዘይት እምብዛም የለበትም። እንዲህ ሆኖ ከአንዲት የቡና ፍሬ ጥቂት የሚያወርድና ጥቂት የሚያወጣ ነገር ባንድነት ይገኛል።

ይህን ያነበበች አንዲት እመቤት ጀበናዋን ሰባብራ እንዳትጥል እለምናለሁ። በመጠን የሚጠጣ ቡና ጤነኛን ሰው ለልብ ሕመም ይዳርጋል የሚል ማስረጃ የለም፤ የጎረቤትና የዘመድ መሰብሰቢያ መሆኑም በሚሊግራም አይመዘንም። የምናገረው ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ በሐኪም እጅ ስላለ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከሦስቱ ሲኒ ሁለቱን ቢያስቀር፣ ወይም የዘወትሩን ቡና በወረቀት አጣርቶ ቢጠጣ በነፃ የሚያገኘው ጥቅም እንክብሉ ከሚሰጠው አያንስም።

ስለ ማእዱም አንድ ቃል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በዚህ ነገር ከጥሬ ቡናው ጭማቂ ይበልጣሉ። በየቀኑ 130 ግራም ያህል የበሰለ ጥራጥሬ የሚበላ ሰው ኤል ዲ ኤሉ ከመቶ 5 እጅ ያህል እንደሚቀንስ በ2014 ዓ.ም. በታተመ የብዙ ምርመራዎች ድምር ተገልጧል። የዘመዴ ኤል ዲ ኤል ከመቶ 5 እጅ ቢቀንስ 8 ሚሊግራም ያህል መሆኑ ነው። በፍስክ ቀን ከሽሮው በላይ የሚፈስሰው ንጥር ቅቤ ግን ሒሳቡን ያበላሸዋል። ይህን የምጽፈው በቤታቸው ያለውን ወጥ ቤት ስለማውቅ ነው፤ የወጥ ቤቷ እጅ በቅቤ በኩል እጅግ ለጋስ ነው።

እንክብሉን ለመውሰድ የሚያስቡ ሌሎች ሰዎች ቢኖሩ፣ በውስጡ ካፌይን ያለበት መሆኑን ይወቁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ብትተወው ይሻላል። ልቡ የሚመታበት፣ እንቅልፍ የሚነሣው፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው፤ እንክብሉ ግፊትንም ስኳርንም በጥቂቱ ሊያወርድ ስለሚችል ከመድኃኒቱ ጋራ ተደርቦ ያልታሰበ ነገር ያመጣ ይሆናል። ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱም ጠርሙሱን ይዘው መሄድ መልካም ነው። ብዙ ሰው ለሐኪሙ የሚነግረው መድኃኒት ያለውን ብቻ ነው፤ ከዘመድ የተላከውን እንደ ስጦታ እንጂ እንደ መድኃኒት ስለማይቈጥረው ሳይነግር ይቀራል።

ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ እንዲያው በድንገት በጋዜጣ ላይ እንዳያገኙት ብዬ ወደ ዘመዴ ቤት ሄጄ አነበብሁላቸው። እመቤቲቱም ከአጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። የቅቤው ነገር ላይ ስደርስ ሳቁ፤ የትሮምሶው ላይ ስደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን አንሥተው «በዚህ ላይ ምን ተጽፏል?» ብለው ሰጡኝ። ፊደሉ እጅግ ደቃቅ ስለ ነበረ ወደ መስኮቱ ተጠግቼ፣ የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ይህን አባባል እንዳልመረመረው፣ ዕቃውም ማናቸውንም በሽታ ለመመርመር ወይም ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ እንዳልሆነ የሚናገረውን ወደ አማርኛ መልሼ አነበብሁላቸው። «ይህን ራሳቸው ሻጮቹ ጻፉት?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና ወደ እመቤቲቱ ዘወር ብለው «ወረቀቱን አምጪው» አሉ። ወረቀቱ መኖሩን ለካ ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል።

በማግሥቱ ከሐኪማቸው ዘንድ ሄደው ክኒኑን እንደ ገና ጀመሩ። ለልጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት እንዳደርስላቸው በሰጡኝ ጊዜ በአጭሩ ምን እንዳሉ ነገሩኝ። ስለ እንክብሉ አመስግነው፣ ሁለተኛ እንዳትልክ፣ በእርሱ ፈንታ የቡና ማጣሪያ ወረቀት እንድትልክላቸው ለምነዋታል። እሑድ እሑድ የሚፈላው የጀበናው አቦል ግን በዚህ ውስጥ እንደማይቈጠር ለሐኪሙም ለእኔም አስታውቀዋል።